መኪናዋን ማን ገደላት

የበደለኝ ሰው አየለ ይባላል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለኝም አምና ክረምት መግቢያ ላይ፣ ባለቤቴ ገብሬ በተቀበረ ማግስት፣ በገዛ ግቢዬ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነው። «አበበች መኪናዋን ገደለች፤ ወንድሜንም አስከተለች» አለ። ጮሆ አልተናገረም። ቢጮህ ኖሮ ሰዉ ሐዘን ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ረጋ ብሎ፣ ንፍሮ እየቆረጠመ ነው ያለው። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። አንድም ሰው «ኧረ ተው» አላለውም።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስረዳ። ቦንጋ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ከስድሳ አልፌያለሁ። ብዙ ሰው አልወድም፣ ብዙ ሰውም አይወደኝም፤ በዚህ ተስማምተን ኖረናል። ከገብሬ ጋር ልጅ አልወለድንም። የነበረችን አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት፤ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው። ገብሬ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይጠነቀቅ ነበር ብል አላጋነንኩም። በየማለዳው ኮፈኗን ይከፍታል፣ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ ይመዛል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ይከታል፣ እንደገና መዝዞ ያያል። እኔ ጠጋ ስል «አንቺ መርፌሽን ያዢ» ይለኛል። በኋላ ዓይኑ ሲደክም ግን መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዚያ ዕድሜዬ። ዘይቷን መንካት አሁንም ክልክል ነበር፤ መንዳት ብቻ ተፈቀደልኝ።

ያን ቀን ሺሺንዳ፣ አየለ ቤት ነበርን። ምሳ ላይ ገብሬ ማንኪያውን ጣለ፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ዞረ። አየለ «ሚኒባስ ልጥራ» አለ። እኔ «መኪና እያለን?» አልኩ። ደግፈን ከኋላ አስተኛነው፤ አየለ አጠገቡ ተቀመጠ። ውሽውሽ ሳንደርስ ካለው ዳገት ላይ ሞተሩ መጮህ ጀመረ፤ መኪናዋ ግን አትሄድም። ነዳጅ ብረግጥ ጩኸት ብቻ። ማርሹን ብለዋውጥ ጩኸት ብቻ። ከኋላዬ የገብሬን ትንፋሽ እሰማለሁ። አየለ «ምን አደረግሻት? ምን አደረግሻት?» ይላል። ሚኒባስ እስኪያልፍ መንገድ ዳር ቆምን። አለፈም፣ ወሰደን። ገብሬ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኝቶ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሞተ። ሐኪሙን «ቀድመን ብንደርስ ኖሮስ?» ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። መልሱን ፈርቼ ነው።

መኪናዋን በገመድ ጎትተው ግቢዬ አስገቧት። አየለ አንድ የሚያውቀውን መካኒክ ይዞ መጣ። ሰውዬው ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሹን ወዲያ ወዲህ አደረገ፣ ጆሮውን ደገነ፤ «ካምቢዮው ተፈጭቷል። ውስጡ የብረት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። አነዳድ ነው የጨረሳት» ብሎ ሄደ። አንድ ቡሎን እንኳ አልፈታም።

የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። አየለ «መኪናዋ ስትገዛ እኔም ነበርኩበት፤ ለአበበች አሁን ምን ታደርግላታለች? የሚሸጠውን ዕቃ ፈትቼ ልሽጠው» አለ።

«ጋሽ አየለ፣ ገና ያልተከፈተ ነገር ሞቷል ብለው እንዴት ይወስዱብኛል?» አልኩት። ያን ጊዜ እርስዎ ነበር የምለው።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባ ገረመው ናቸው። ነገር በቀልድ መጨረስ ይወዳሉ። «ቅዳሜ መጥቶ ይጎትታት። እስከዚያ በራሷ እግር ከግቢ ከወጣች ግን የአበበች ናት» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያሳሰበኝ የመኪናዋ መሄድ ብቻ አልነበረም። አየለ ከወሰዳት እና ከበታተናት፣ ውስጧ ምን እንደነበረ መቼም አላውቅም። የተፈጨ ብረት ካለበት ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ገዳይ ነኝ። ከሌለበት ደግሞ... ከሌለበት ምን እንደምሆን እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ማወቅ ብቻ ፈለግሁ። ባውቅ ይሻለኛል አልኩ፤ ክፉም ቢሆን።

ከካምቢዮው ሥር ዘይት የሚጠራቀምበት ሳህን የመሰለ ቆርቆሮ አለ። መካኒኮቹ ኮፓ ይሉታል። እሱ ሲወርድ የካምቢዮው ጉድ ይታያል። ይህን ያወቅሁት ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ ነው። የሚያስረዳው ሰውዬ የሚናገረውን ቋንቋ አላውቀውም፤ እጁን ግን አያለሁ። እጅ ለእጅ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል የገብሬን የመፍቻ ሣጥን አወጣሁ። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ፣ ከፊት በክሪክ አነሳኋት፣ ሸራ አነጠፍኩና በጀርባዬ ገባሁ። መጀመሪያውን ቡሎን ልፈታ ስታገል ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«አንቺ!»

ሥራዬን አላቆምኩም። ድምፁን አውቀዋለሁ። ዘሃራ ናት፤ ጎረቤቴ። ከወሎ በልጅነቷ ባሏን ተከትላ የመጣች፣ ከባሏ ጋር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያላት ሴት። ለዓመታት አንነጋገርም። የጣሪያዋ ውሃ ወደ ግቢዬ እየወረደ የሰፋሁትን ዩኒፎርም አበላሸብኝ፤ ብነግራት «የእግዜርን ዝናብ እኔ ላግደው?» አለችኝ። በዚያው ቀረን። ለለቅሶ መጥታ እንኳ ፊቴን አዙሬባታለሁ።

«አንቺ ሴትዮ! በክሪክ ብቻ ነው የያዝሻት?»

«የራሴ ጉዳይ ነው!»

«ሬሳሽን ጎትቼ የማወጣው እኔ ነኝ እኮ! የእኔም ጉዳይ ነው!»

ከዚያ እግሯ ሲርቅ ሰማሁ። ሄደች ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ብዙም ሳይቆይ የግቢዬ በር ተንኳኳ፤ እኔ ሳልመልስ ተከፈተ። ዘሃራ እንጨት የምትፈልጥበትን ጉማጅ ግንድ በእግሯ እያንከባለለች ገባች። ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ግቢ አትዪኝም?»

«ገብተሽ የለ እንዴ።»

«እንግዲያው ውጪ ከዚያ።»

ወጣሁ። ጉማጁን ከመኪናዋ ወገብ ሥር አስገባች፤ ተመልሳ ሄዳ ሁለተኛ ይዛ መጣች፣ በሌላው ጎን አስገባች። «ሱቃችን ስንት ሰው መጥቶ እንደዚህ የሞተ ዘመዱን እንዳወራኝ ብታውቂ» አለች። አላመሰገንኳትም። ተመልሼ ገባሁ።

ሁለት ቡሎን ፈታሁ። ሦስተኛው ዝገት በልቶት እምቢ አለ። መፍቻውን በሁለት እጄ ይዤ ባለኝ ኃይል ሳብኩት።

የቦንጋን የክረምት መሬት ታውቁታላችሁ። ከላይ ደርቆ የመሰለው ከሥሩ ገንፎ ነው። ክሪኩ እንደ ምላጭ ሰመጠ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ እንደ ከባድ ትንፋሽ ነበር፤ ከዚያ ሰማዩ ሁሉ በላዬ ወረደ። ጓ! አለና ቆመ።

ዓይኔን ስገልጥ የካምቢዮው ሆድ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ደረቴና ብረቱ መሃል መዳፌ ብቻ ይገባል። ጉማጁ ይዟታል። እንጨቱ ሲሰነጠቅ እሰማለሁ፤ ግን ይዟታል።

«ያ አላህ! አበበች! አለሽ? አበበች!»

ዘሃራ እግሬን ይዛ ከነሸራው ጎተተችኝ። እንደዚያ ስጎተት አሰብኩት፤ ካባቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ በስሜ ብቻ፣ ያለ ቅሬታ የጠራኝ ሰው መኖሩን እንኳ አላስታውስም። ጭቃው ላይ ተቀመጥን። እሷ ደረቷን ይዛ፣ እኔ ጉልበቴን ይዤ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስታኮርፊኝ ኖረሽ፣ ሳንታረቅ ልትሞቺብኝ ነው?» አለች።

«የጣሪያሽ ውሃ...»

«አሁንም የጣሪያዬን ውሃ!»

ሳቅሁ። ከገብሬ ሞት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞርብኝ እሷ አላባበለችኝም፤ ተነስታ ክሪኩን ከጭቃው ትቆፍር ጀመር። ስለዚህም አመሰግናታለሁ። ማባበል አልወድም።

ሁለተኛ ስንጀምር ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ አነጠፍን፣ ጉማጆቹንም ጨመርን። «ሁለት ሰው ሆነን እንጂ ብቻሽን ከዚህ ሥር አትገቢም» አለችኝ። እኔ ከሥር፣ እሷ ከዳር ሆና መፍቻ ታቀብለኛለች። ያ ዝገታም ቡሎን በትንሽ ነጭ ጋዝ ረጠበና ተፈታ። ኮፓው ዘይት ማውጫ የለውም፤ ስለዚህ በአንድ ጎን ያሉትን ቡሎኖች አላልተን፣ ሳህኑን አዘንብለን ነው ዘይቱን ሳፋ ላይ የምናወርደው። ግን ጓርኒሲዮኑ፣ ዘይት እንዳያፈስ በኮፓውና በካምቢዮው መሃል የሚገባው ወረቀት፣ ተጣብቆ እምቢ አለ። ዘሃራ በካቻቢቴ ልትፈነቅለው ስትል «ተዪ፣ ጠርዙን ትጎጂዋለሽ» አልኩና የጨርቅ መቁረጫዬን ቀጭን ቢላ አስመጣኋት። እንደ ስፌት መፍታት ነው፤ ክሩን እንጂ ጨርቁን አትነካም። ዙሪያውን ቀስ እያልኩ ሄድኩበት። ድንገት ለቀቀና ዘይቱ ግማሹ ሳፋው ላይ፣ ግማሹ እጅጌዬ ውስጥ ገባ።

ኮፓውን ለሁለት ይዘን ወደ ቤቱ ደጃፍ፣ ብርሃን ወዳለበት አመጣነው። መሬት አስቀመጥነው። ሁለታችንም ቆመን ቀረን።

«እይው እንጂ» አለች ዘሃራ።

«አንቺ እይው።»

«መኪናዋ የማን ናት?»

«ዘሃራ፣ አንቺ እይልኝ» አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ። ምን እንደፈራሁ ገባት። ድንኳኑ ውስጥ አየለ ሲናገር እሷም ነበረች።

ተንበረከከች። ሳህኑ ውስጥ ብረት የሚስቡ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ፤ ግራጫ ጭቃ ለብሰዋል። በጣቷ ዘገነች፣ በአውራ ጣቷ አሸች። ዘይቱን አሸተተች።

«ይሄ ዱቄት ነው» አለች። «የማንም መኪና እንዲህ ነው፤ ሲሠራ የሚላላጥ። ብረት ቢሆን ጣቴን ይወጋኝ ነበር። ዘይቱም አልተቃጠለም። አበበች፣ እዚህ ውስጥ የተፈጨ ነገር የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነይ፣ ራስሽ እሺው።»

አሸሁት። እንደ አሻሮ ዱቄት ልስልስ ነው። ቁርጥራጭ የለም። አንድም።

«ታዲያ ምን ሆና ቆመች?»

ለእሱ ተመልሰን ገባን። ኮፓው ከወረደ በኋላ ከላይ የዘይቱ ማጣሪያ፣ ወንፊት መሳዩ ቆርቆሮ ይታያል። ፈትቼ አወረድኩት። ወንፊቱ አይታይም። በላዩ የሆነ ነገር ተጠቅልሎበታል፤ ቡናማ፣ ድፍን ያለ፣ የወፍ ጎጆ የመሰለ።

«ፀጉር ነው እንዴ?» አለች ዘሃራ ፊቷን አጨማድዳ። «አይጥ ገብታ ሞታ ይሆን?»

ከጫፉ አንድ ክር መዘዝኩ። በሁለት ጣቴ መሃል አንከባለልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ክር ስነካ ነው የኖርኩት። ጥጥ አይደለም። ሱፍ አይደለም። ቀና ብዬ የቤቴን ደጃፍ አየሁ። እዚያ፣ ከበሩ ጎን፣ እጅ የምንታጠብበት፣ ድስት የምናሽበት የእንሰት ቃጫ እንደ ሁልጊዜው ተንጠልጥሏል። ከታችኛው ጫፉ ተቆንጥሮ ተቆንጥሮ ሳስቷል።

በየማለዳው ነው። ገብሬ ዘንጉን ይመዛል፤ ደጃፉ ላይ ካለው ቃጫ ቆንጠር አድርጎ ይጠርጋል፤ መልሶ ይከታል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጨርቅ ለቅመሽ ስጪኝ ብሎኝ አያውቅም፤ በልብስ ሰፊ ቤት ጨርቅ ሞልቶ። የቤታችን መጥረጊያ ቃጫ ነው፣ የአባቱም ቤት መጥረጊያ ቃጫ ነው። ከዘንጉ ጋር የተጣበቀችው አንዷ ጭረት ትወርዳለች፤ በነጋታው ሌላ ትወርዳለች። ዓመት ከዓመት ወንፊቱ ላይ እየተጠቀለለች ዘይት መሳብ እስኪያቅተው ድረስ። ዳገቱ ላይ እኔ ነበርኩ መሪውን የያዝኩት እንጂ ጉሮሮዋ የተዘጋው ከዚያ ቀን በፊት ነው። የዘጋውም ከሁላችን አብልጦ የወደዳት ሰው ነው።

«ምንድን ነው?» አለች ዘሃራ።

«ገብሬ ነው» አልኳት።

አልገባትም፤ ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ «አላህ ይማረው። ምን ዓይነት ጠንቃቃ ሰው ነበር» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ስንፍና ነው፣ አለማወቅ ነው ባለ ነበር። እሷ ጠንቃቃ አለችው።

ማጣሪያውን በቤንዚን አጠብኩት። ለመኪናዋ የሚሆን ጓርኒሲዮን ሱቃቸው ውስጥ አልነበረም፤ ዘሃራ ያልተቆረጠ ወፍራም የጓርኒሲዮን ወረቀት አመጣች። ኮፓውን በላዩ ደፋሁት፣ በልብስ ጠመኔዬ ዙሪያውን አሰመርኩ፣ በመቀሴ ቆረጥኩ። ቡሎኖቹንም ስመልስ ኮሌታ እንደማያያዝ አደረግሁ፤ ከአንድ ጫፍ ተነስተሽ ካጠበቅሽ ይሸበሸባል፣ እዚህ ትንሽ፣ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ነው። አዲሱን ቀይ ዘይት ዘሃራ አፉ በተቆረጠ የውሃ ጠርሙስ ቀስ እያለች አፈሰሰች። ዘንጉን የጠረግሁት ከዩኒፎርም በተረፈ ጨርቅ ነው።

ክሪኩን፣ ጉማጆቹንና ድንጋዮቹን ካወጣን በኋላ ሞተሩን አስነሳሁ። ፍሬን ረግጬ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ምንም የለም። ዘሃራ ከፊቴ ቆማ በመስኮቱ ታየኛለች። «ቢስሚላህ በይና ልቀቂያት!» ብላ ጮኸች። እንደ እምነቴ በስመ አብ ብዬ ለቀቅሁ። መኪናዋ ትከሻዋን እንደሚያራግፍ ሰው ነቅነቅ አለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች። ዘሃራ እልል ስትል የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

ቅዳሜ አየለ አይሱዙና ገመድ ይዞ መጣ። አባ ገረመውም ለምስክርነት አብረው ነበሩ። በሩን የከፈተችው ዘሃራ ናት፤ ለበዓል የምታደርገውን ሻሽ አድርጋ። እኔ መሪው ላይ ነበርኩ። ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ፣ የበሩን አቀበት ወጣሁ፣ አይሱዙው ፊት አቆምኩና ወረድኩ።

«በእግሯ ወጣች!» አሉ አባ ገረመው፤ በራሳቸው ፍርድ ተገርመው።

አየለ መኪናዋን ዞሮ አያት። «ምን ነበር የሆነችው?» አለ።

ቃጫው ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። እጄ ኪሴ ገባ። አውጥቼ «ወንድምህ ነው፣ ይኸው» ልለው እችል ነበር። በዚያ ድንኳን ውስጥ እኔን እንዳደረገኝ፣ እሱንም በሕዝብ ፊት ማድረግ እችል ነበር። ዘሃራ ታየኛለች።

«ማጣሪያው ቆሽሾ ነበር፤ አጠብነው» አልኩ።

«ካምቢዮውስ አልተፈጨም?»

«አልተፈጨም። አሁን በድንኳኑ ያልከውን እዚህ መልሰው።»

«አንተ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ያኔ ሐዘን ነው ያናገረኝ...»

«ሐዘን የሰው ስም አይጠራም። አንተ ስሜን ጠርተህ ነው የተናገርከው።»

አባ ገረመው ቀልዳቸውን ተዉ። «አየለ፣ መልስ» አሉት። አየለ መሬት መሬት እያየ «እንግዲህ... አልገደለችም» አለ። ለጭቃው ነው የነገረው እንጂ ለእኔ አይደለም። ግን ሰው ሰምቷል።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት መካኒክ ሁኑ ለማለት አይደለም። ከመኪና ሥር ግን በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ እንዳትገቡ፤ ዘንጉንም በቃጫ አትጥረጉ። ገብሬ ይህን ቢሰማ ይናደዳል። ይናደድ። ለአየለ ያን ቀን ያልነገርኩት ገብሬን ለመሸፈን ብቻ አልነበረም፤ ያቺ ቃጫ የእኔና የገብሬ ስለነበረች ለአየለ ልሰጠው ስስት ያዘኝ። ቶሎ ብንደርስ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ያንን የሚከፍት መፍቻ የለም። ግን ውስጤ የተፈጨ ነገር አለ ብዬ መኖር ትቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ማን እንደበደለኝ ሳስብ ነው የኖርኩት፤ አሁንም አልረሳሁም፣ አየለንም ከላይ በስሙ ጠርቼዋለሁ። ነገር ግን ያቺን ጓ ያለችውን ሰዓት ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ጉማጅ ግንድ በእግሯ እያንከባለለች፣ ግቢ ሳልላት የገባች ሴት ናት። ስፌቴን ይዤ በተቀመጥኩበት ለእሷ አመሰግናለሁ። ፈጣሪንም በእሷ ምክንያት ነው የማመሰግነው።

ዘንድሮ የገብሬን ሙት ዓመት አወጣሁ። አየለን አልጠራሁትም። የዘሃራ የጣሪያ ውሃ አሁንም ወደ ግቢዬ ይወርዳል፤ በርሜል አስቀምጬበታለሁ። በአጥራችን መሃል በር አስከፈትኩ። መቀርቀሪያ አላደረግሁለትም።